ከቀብዱ በፊት፦ ተማሪ ቴሲስ እንዳይገዛ መምህር ምን ማድረግ ይችላል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። እዚሁ ባሕር ዳር በአንድ የማስተርስ ተማሪ ዲፌንስ ላይ ፈታኝ ሆኜ ተቀምጫለሁ። ርዕሱ የጣና ዓሣ አጥማጆች ኑሮ ነው። እንግሊዝኛው ሸጋ ነው። ሠንጠረዡ ንጹሕ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። ዓሣ አጥማጆቹ ውኃው በየቀኑ ከዳርቻው ሸሽቶ የሚመለስበትን ሰዓት ጠብቀው መረብ ይጥላሉ ይላል።

ጣና ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ውኃ በየቀኑ የሚሸሸውና የሚመለሰው ውቅያኖስ ዳር ነው። ጣና በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይጎድላል። በቃ።

«እስኪ ንገረኝ፣ መረብ የሚጥሉት በስንት ሰዓት ነው?» አልኩት። ዝም አለ። «የትኛው ዳርቻ ላይ አገኘሃቸው?» አሁንም ዝም። «ቀረሶና አምባዛ ዋጋቸው ይለያያል?» ልጁ ላብ በላብ ሆነ። ተወልዶ ያደገው ባሕር ዳር ነው። ሐይቁን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያየው ኖሯል። ቴሲሱን የጻፈው ሰው ግን ጣናን በዓይኑ አይቶት አያውቅም።

ያን ቀን ያዘንኩት በልጁ ብቻ አይደለም። አማካሪ ነበረው። ዲፓርትመንት ነበረው። ፕሮፖዛሉን ያሳለፍነው እኛው ነን። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ግን «ዛሬ የት ሄድክ? ማንን አነጋገርክ?» ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። ቴሲሱ የተገዛው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው።

ይህን የምጽፈው ለመምህራን፣ ለአማካሪዎችና ለዲፓርትመንት ኃላፊዎች ነው። ተማሪው ለጸሐፊው ቀብድ የሚከፍልባት አንዲት ቀን አለች። ከዚያች ቀን በፊት መድረስ ከቻልን ብዙ ተማሪ እናድናለን። ከዚያ በኋላ የሚቀረን ማሳደድ ነው፤ ማሳደድ ደግሞ አድካሚ ነው፣ ብዙ ጊዜም አይሳካም።

ነገሩን በስሙ እንጥራው

ኮፒ ፔስት ሌላ ነው፣ ይህ ሌላ ነው። ኮፒ ፔስት የሰውን ጽሑፍ ሳያስፈቅዱ መውሰድ ነው። ይሄኛው ግን ሌላ ሰው ሥራውን እንዲሠራልህ ማድረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮበርት ክላርክና ቶማስ ላንካስተር የተባሉ የእንግሊዝ መምህራን «በውል የሚፈጸም ኩረጃ» የሚል ትርጉም ያለው ስም አወጡለት። እኛ ጋ ስሙ አጭር ነው፦ ማሠራት። «ቴሲስህን ጨረስክ?» «አሠራሁት»። እንዲህ በግልጽ ነው የሚወራው።

ልዩነቱን ማወቅ የሚጠቅመው በመሣሪያዎቻችን እንዳንታለል ነው። ተርኒቲን የተባለው መፈተሻ ፕሮግራም የሚነግረን ጽሑፉ ከሌላ ጽሑፍ ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ነው። የተገዛ ቴሲስ አዲስ ተጽፎ የመጣ ከሆነ ንጹሕ ሆኖ ያልፋል። «ስምንት ፐርሰንት ብቻ ነው የወጣው» የሚል ወረቀት ማን እንደጻፈው ምንም አይናገርም። በኤአይ የተጻፈ መሆኑን እንለያለን የሚሉት መፈተሻዎችም የራሱን እንግሊዝኛ የጻፈውን ተማሪ በሐሰት ሲከሱ ታይተዋል። በእነሱ ውጤት ብቻ ሰው መጣል ግፍ ነው።

የመምህር ዓይንስ? አውስትራሊያ ውስጥ የተሠራ አንድ አነስተኛ ጥናት አለ። ሰባት ልምድ ያላቸው አራሚዎች እያንዳንዳቸው 20 ጽሑፍ ተሰጣቸው። ከመካከሉ የተገዙ እንዳሉበት ቀድሞ ተነግሯቸዋል። ከተገዙት ውስጥ 62 በመቶውን ለዩ። የተማሪዎቹን የራሳቸውን ሥራ ደግሞ 96 በመቶ ያህሉን በትክክል አወቁ። ስለዚህ ዓይን ሲፈልግ ያያል። እየፈለገም ግን ከአሥሩ ወደ አራት የሚጠጋው ያመልጠዋል። እኔ ደግሞ ጣናን ባላውቀው ኖሮ ያን ቴሲስ አሳልፌው ነበር።

እርምጃ 1፦ ቀብድ የሚከፈልባቸውን ሳምንታት ለዩ

ተማሪ ቴሲስ እገዛለሁ ብሎ አይመዘገብም። ያሠሩ ተማሪዎችን «መቼ ነው የወሰንከው?» እያልኩ ጠይቄያለሁ። መልሳቸው ይመሳሰላል። ሰነፉም አለ፣ አልክድም። የሚበዛው ግን አንድ ቦታ ላይ ተጣብቆ የሚጠይቀው ሰው ያጣው ነው።

አንደኛው ጊዜ ፕሮፖዛል ካለፈ በኋላ ያለው ወር ነው። አማካሪው «በርታ፣ ቀጥል» ብሎ ይጠፋል። ስልክም አያነሳም። ሁለተኛው ዳታ የሚሰበሰብበት ጊዜ ነው። ከዳንግላ ወይም ከደብረ ታቦር ቅዳሜና እሑድ እየተመላለሰ የሚማር ሠራተኛ የትራንስፖርቱ ወጪ ራሱ ወገቡን ይቆርጠዋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በክልላችን ባለው ግጭት መንገድ ይዘጋል፣ ኢንተርኔት ይጠፋል። የመረጠው ወረዳ መግባት ያቃተው ተማሪ ወይ ቦታ ይቀይራል፣ ወይ መጠይቁን ቤቱ ቁጭ ብሎ ይሞላል። ቦታ መቀየር እንደሚፈቀድለት ማንም ካልነገረው የትኛውን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው።

ሦስተኛው ዳታው ተሰብስቦ ኤስፒኤስኤስ የተባለው የስታትስቲክስ ፕሮግራም የሚከፈትበት ቀን ነው። በእኔ ልምድ ትልቁ በር ይሄ ነው። «ትንተናውን ብቻ ሥራልኝ» ብሎ ይጀምራል። ሠንጠረዡን ሲቀበል ሊያብራራው አይችልም። ስለዚህ ምዕራፍ አራትንም ያሠራል። ምዕራፍ አራትን የጻፈው ሰው ምዕራፍ አምስትን ይጨምርለታል። አራተኛው ጊዜ ማስረከቢያው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው፤ ያን ጊዜ ሁሉም ይሸጣል።

የዲፓርትመንት ኃላፊ ከሆናችሁ እነዚህን አራት ጊዜያት በወረቀት ላይ በቀን አስቀምጧቸው። ከዚያ በየጊዜያቱ አንድ ነገር አዘጋጁ። ለዳታው ጊዜ ቦታና ናሙና ለመቀየር በአንድ ሳምንት ውስጥ መልስ የሚያገኝ የአንድ ገጽ ቅጽ ይበቃል። ለትንተናው ጊዜ ደግሞ «የዳታ ክሊኒክ» ክፈቱ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የዊኬንድ ተማሪዎች ከተማ ውስጥ ባሉበት ሰዓት፣ አንድ ስታትስቲክስ የሚችል ሰው ለሁለት ሰዓት ይቀመጥ። ተማሪው ላፕቶፑን ይዞ ይምጣ፣ ራሱ ይጫን፣ አጠገቡ ያለው ያሳየው። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ መሥራት የምትችሉ ከሆነ ይህን ሥሩ።

ለአሳይመንትም ያው ነው። አምስት መምህራን በአንድ ሳምንት አምስት አሳይመንት ሲቀበሉ ገበያውን የምንከፍተው እኛ ነን። ሴሚስተሩ ሲጀመር ማስረከቢያ ቀኖችን አንድ ወረቀት ላይ ሰብስቡና የተደራረበውን አሸጋሽጉ።

እርምጃ 2፦ ድንበሩን በአማርኛ ጻፉ

ከተማችን ውስጥ ኮምፒውተር ቤት ሄዶ ማስተየብ የተለመደ ነው። ላፕቶፕ የሌለው ተማሪ በእጁ ጽፎ ያስተይባል። ይህ ነውር የለበትም። ያው ኮምፒውተር ቤት ግን «ፎርማቱን ላስተካክልልህ» ይላል፣ ቀጥሎ «እንግሊዝኛውን»፣ ቀጥሎ «ሊትሬቸሩን»። ተማሪው ድንበሩን መቼ እንዳለፈ ላያውቅ ይችላል።

ስለዚህ የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውን ግማሽ ገጽ በማትሞላ ጽሑፍ፣ በአማርኛ፣ ኮርሱ ሲጀመር ስጧቸው። እኔ የምሰጠው ይህን ይመስላል። ማስተየብ፣ ማሳተም፣ ማስጠረዝ ይቻላል። እንግሊዝኛ ማሳረም ይቻላል፤ ግን ያረመው ሰው ምስጋናው ላይ ይጠቀስ፣ ከመታረሙ በፊት ያለው ረቂቅም ይቀመጥ። ዳታ ማስገባት ላይ ሰው ቢያግዝ ይቻላል። ትንተና ላይ ሰው ቢያሳይህ ይቻላል፤ ሠርቶ ቢሰጥህ አይቻልም። ሐሳብና ዓረፍተ ነገር ሌላ ሰው ቢጽፍልህ አይቻልም፤ ወንድምህም ቢሆን፣ በነጻም ቢሆን። ኤአይ ከተጠቀምክ ለምን እንደተጠቀምክበት ጻፍ።

«በነጻም ቢሆን» የምትለው ቃል አትቅር። ከሚሠራው ውስጥ ብዙው በጓደኛና በዘመድ የሚሠራ ነው።

እግረ መንገዳችሁን የተቋማችሁን ሴኔት ሌጂስሌሽን፣ ማለትም የውስጥ ደንቡን፣ ገልጣችሁ እዩ። ስለ ማሠራት በግልጽ የተጻፈ ከሌለ እንዲጨመር ጠይቁ፦ «ሥራውን በሙሉም ሆነ በከፊል፣ በክፍያም ሆነ ያለ ክፍያ፣ ሌላ ሰው አዘጋጅቶለት የራሱ አስመስሎ ማቅረብ»። በኋላ ኮሚቴ ፊት ስትቀርቡ ይህች ዓረፍተ ነገር ታስፈልጋችኋለች።

እርምጃ 3፦ ርዕሱ እግር የሚጠይቅ ይሁን

«እምቦጭ አረም በጣና ሐይቅ ላይ ያስከተለው ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ተጽዕኖ»። እምቦጭ ጣና ላይ ከታየበት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ስለ ጉዳዩ ብዙ ተጽፏል። ይህን ርዕስ የሰጠ መምህር ተማሪውን ወደ ሻጩ ፍላሽ ልኮታል። ተቀምጦ የሚጠብቅ ጽሑፍ አለ።

አሁን እንዲህ እናድርገው፦ «በዘንድሮው ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር በሦስት የዓሣ ማረፊያዎች የሚወርደው ዓሣ ዓይነትና ዋጋ»። ተማሪው ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ይሄዳል። የወረደውን ይቆጥራል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ይጽፋል። በ12 ቅዳሜ ከሦስቱ ማረፊያዎች 36 ገጽ ማስታወሻ ይኖረዋል። እምቦጭም ቢሆን እዚያው ይገባል፦ ዛሬ ጀልባው በአረሙ ምክንያት ስንት ሰዓት ዘገየ?

ለአሳይመንት ደግሞ ነገሩ ይቀላል። የማርኬቲንግ መምህር ከሆናችሁ «የሥርጭት መስመር ምንድን ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። አንድ ኪሎ የዘጌ ቡና ከገበሬው እጅ ወጥቶ ከተማ ውስጥ ስኒ እስኪገባ ድረስ በማን በማን እጅ እንዳለፈና በየእጁ ዋጋው ስንት እንደሆነ ይከተሉ። የደንገል ታንኳ የሚሠራ ሰው ጋ ተቀምጠው ወጪና ገቢውን ያስሉ።

ይህ ብቻውን ግን አያድንም። ለየት ያለ ርዕስም ቢሆን በትእዛዝ ይጻፋል። ርዕሱ የሚያደርገው ነገር ቢኖር የምትጠይቁትን ጥያቄ መስጠት ነው። ተማሪው ዳርቻው ላይ ከነበረ የሚያወራው ነገር አለው።

እርምጃ 4፦ ዝምታውን በአምስት ቦታ ቁረጡት

በፕሮፖዛልና በዲፌንስ መካከል አምስት ጊዜ፣ በያንዳንዱ አሥር ደቂቃ። «ጊዜ የለኝም» ትሉኝ ይሆናል። አሥር ተማሪ ላለው አማካሪ ይህ 500 ደቂቃ ነው፤ በሰዓት ሲታሰብ ስምንት ሰዓት ከ20 ደቂቃ። ለአሥር ቴሲስ፣ ለዓመቱ ሙሉ። አንድ የተገዛ ቴሲስ ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይበላል።

በመጀመሪያው ቀን በእጅ የተጻፈ አንድ ገጽ ይምጣ፦ ይህን ጉዳይ ለምን ማወቅ ፈለግኩ? በሁለተኛው ያነበባቸው ሦስት ጽሑፎች እንደተሰመረባቸው ይምጡ፤ ከየትኛው ጋር እንደማይስማማ ይንገራችሁ።

ሦስተኛው ቀን ላይ ልቆይ። ያን ቀን የተሞሉት የመጀመሪያዎቹ አሥር መጠይቆች ይምጡ፣ ሳይገለበጡ፣ እንዳሉ። እውነተኛ መጠይቅ መልክ አለው። ጥጉ ታጥፏል። አንዱ ላይ የቡና ጠብታ አለ። አንዱ በእርሳስ፣ ሌላው በቀይ እስክሪብቶ ተሞልቷል። ጥያቄ የዘለለ አለ። ዳር ላይ «ይሄ ጥያቄ አልገባኝም» ብሎ የጻፈ አለ። አንድ ጊዜ 120 መጠይቅ በኬሻ ሞልቶ ያመጣልኝ ተማሪ ነበር። ሁሉም በአንድ ሰማያዊ እስክሪብቶ ተሞልቷል። የራይት ምልክቱ ሁሉም ወደ አንድ ጎን አዘምሟል። ከ120 ሰው አንድ ጥያቄ የዘለለ የለም። «ወንድሜ፣ እነዚህ ሰዎች ሁሉ በአንተ እጅ ነው የሚጽፉት» አልኩት። አንገቱን ደፋ። ደግነቱ ገና ጥር ነበርን። ተመልሶ ለመሰብሰብ ጊዜ ነበረው፣ ሰበሰበም። ይህንኑ ሰኔ ላይ ባየው ኖሮ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

መጠይቁ ኮቦ በተባለው የመጠይቅ መተግበሪያ በስልክ የሚሞላ ከሆነ ደግሞ የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት ይመዘገባል። ጂፒኤሱ ከተካተተ ቦታውም አለ። ይህን ተማሪው ከመጀመሩ በፊት አብራችሁ አስተካክሉለት፤ ለእሱም መከላከያ ነው።

በአራተኛው ቀን ኤስፒኤስኤስ ከፍቶ አንድ ሠንጠረዥ ፊታችሁ ያውጣ። አንድ ብቻ። ውጤቱ ላይ የወጣበት ቀንና ሰዓት እንደሚጻፍም አስታውሱ። «ሚያዝያ ላይ ሠራሁት» ያለኝ ተማሪ ውጤት ላይ የሁለት ዓመት አሮጌ ቀን አግኝቻለሁ። የሌላ ሰው ትንተና ነበር።

በአምስተኛው የምዕራፎቹ ረቂቅ ከነታሪኩ ይምጣ። ጎግል ዶክስ የሚጠቀም ከሆነ የጽሑፉ ታሪክ ራሱ ይቀመጣል። ኢንተርኔት በማይገኝበት ጊዜ ግን በዎርድ ጽፎ በየሳምንቱ በአዲስ ስም ያስቀምጥ፦ «ምዕራፍ 2 ጥር 5»፣ «ምዕራፍ 2 ጥር 12»። የድሮው ላይ ደርቦ አያስቀምጥ። ይህን ልማድ ከመጀመሪያው ቀን ንገሩት።

እርምጃ 5፦ አሥር ደቂቃ፣ በአማርኛ

ከሁሉም በላይ የማምነው በጭውውት ነው። አንድ ነገር ግን ልለምናችሁ፤ በአማርኛ ጠይቁ።

ተማሪዎቻችን የሚጽፉት በማይናገሩበት ቋንቋ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ በስምንት ዩኒቨርሲቲዎች 14,086 ተማሪዎች በተጠየቁበት ጥናት ወደ ስድስት በመቶ የሚጠጉት ሌላ ሰው በሥራቸው ውስጥ እጁን እንዳስገባ አምነዋል። ከእንግሊዝኛ ውጭ ሌላ ቋንቋ ቤታቸው የሚናገሩትና በትምህርቱ ሁኔታ ያልረኩት ጎልተው ታይተዋል። እኛ ጋ ያለው ሁሉም ሌላ ቋንቋ የሚናገር ነው። በእንግሊዝኛ ጠይቃችሁት ዝም ያለ ተማሪ ሥራውን አያውቅም ማለት አይደለም።

ይህን የተማርኩት ሰው በድዬ ነው። በክረምት መርሐ ግብር የሚማሩ አንዲት መምህርት ነበሩ፣ በዕድሜ ታላቄ ናቸው። ያቀረቡት ምዕራፍ እንግሊዝኛው ከእሳቸው ንግግር ጋር ጨርሶ አይገናኝም። በእንግሊዝኛ ስጠይቃቸው አንድ ዓረፍተ ነገር አልወጣቸውም። ልቤ ፈረደ። ከዚያ እንዲያው ለጨዋነት ያህል፣ «እሺ እትዬ፣ በአማርኛ ይንገሩኝ፣ ልጆቹ ትምህርት የሚያቋርጡት መቼ ነው?» አልኳቸው።

«ቲቸር፣ መዝገቡ ላይ ሰኔ ይላል፣ ውሸት ነው» አሉኝ። «የሚቀሩት ኅዳር ነው፣ አጨዳ ሲመጣ። ርእሰ መምህሩ ቁጥሩ እንዳይታይበት እስከ ሰኔ ይይዛቸዋል። እኔ የክፍል ስም መጥሪያውን ከመዝገቡ ጋር አስተያየሁት።» ቦርሳቸውን ከፍተው በካርቦን የተገለበጠ የስም መጥሪያ አወጡ። አርባ ደቂቃ ተጫወትን። ምዕራፉ ላይ ከተጻፈው የሚበልጥ ነገር ያውቁ ነበር። እንግሊዝኛውን ያረመላቸው የእኅታቸው ልጅ ነበር። በድንበር ወረቀቴ የሚፈቀድ ነው፤ እኔ ነኝ ወረቀቱን ያልሰጠኋቸው። እነዚያ በእንግሊዝኛ ያለፉት አምስት ደቂቃዎች እስካሁን ያሳፍሩኛል።

ጥያቄዎቹ ደግሞ ትርጉም የሚጠይቁ አይሁኑ። ትርጉም ይሸመደዳል። ሥራው ውስጥ የነበረ ሰው ብቻ የሚያውቀውን ጠይቁ። ያልተሳካልህ ምን ነበር? አልመልስም ያለህ ሰው ምን አለህ? መጠይቁ ላይ መጀመሪያ የነበረ፣ በኋላ ያወጣኸው ጥያቄ የቱ ነው? አሁን እንደገና ብትጀምር ምን ትቀይራለህ?

ቁጥርም ጠይቁ። ስንት ሰው መጠየቅ እንዳለበት የሚያሰላውን የያማኔን የናሙና ቀመር የተጠቀመ ቴሲስ አገራችን ውስጥ ብዙ ነው። የሕዝቡ ቁጥር 1,200፣ ስሕተቱ 0.05 ከሆነ ናሙናው 300 ይሆናል። ይህን ሻጩም ይጽፈዋል። እናንተ ግን «ሕዝቡ እጥፍ፣ 2,400 ቢሆንስ ናሙናውም እጥፍ ይሆናል?» በሉት። ወረቀትና እስክሪብቶ ስጡት። ቀመሩን አንድ ጊዜ በእጁ የሠራ ሰው ትንሽ አስልቶ 343 ያመጣል። «እንዴ፣ ይሄን ያህል አይጨምርም ማለት ነው!» ብሎ ይገረማል። ያን መገረም ማስመሰል አይቻልም። ቢሳሳትም ግድ የለም፤ ከየት እንደሚነሳ ማወቁን ነው የምታዩት።

ፖሊስ አትሁኑ። ጭውውቱ ለሁሉም ተማሪ ይደረግ፣ ለተጠረጠረው ብቻ አይደለም። ሁሉም የሚጠየቅ ከሆነ ማንም አይሸማቀቅም። የሚገዛውም ቀድሞ ያውቀዋል፦ ብገዛም መናገሩ አይቀርልኝም።

እርምጃ 6፦ ጥርጣሬ ሲመጣ

ሁሉን አድርጋችሁም ይመጣል። ያን ጊዜ መጀመሪያ ዝም በሉ። ለባልደረባ፣ ለቴሌግራም ግሩፕ፣ ለማንም አትንገሩ። የተማሪ ስም አንዴ ከተነሳ ንጹሕ ቢሆንም አይመለስም።

ቀጥሎ የሚታይ ነገር ሰብስቡ። የዎርድ ፋይሉ መረጃ ላይ ጸሐፊው ማን እንደተባለ፣ መቼ እንደተፈጠረና ለስንት ደቂቃ እንደተሠራበት ይታያል። ዘጠና ገጽ ለ14 ደቂቃ ከተሠራበት ጥያቄ ያስነሳል። ማስረጃ ግን አይደለም። የኮምፒውተር ቤቱ ስም ሊሆን ይችላል፣ ወይም ተማሪው ወደ አዲስ ፋይል ገልብጦት ይሆናል። ከተማሪው የፈተና ጽሑፍ ጋር አስተያዩት። ምንጮቹ በእርግጥ መኖራቸውን ፈልጉ፤ ኤአይ የሌለ መጽሐፍ ፈጥሮ ይጠቅሳል። ምስጋናው ላይ የሌላ አማካሪ ስም አለ? አባሪው ላይ ያለው መጠይቅ ምዕራፍ አራት ላይ ካለው ሠንጠረዥ ጋር ይገናኛል?

ከዚያ ተማሪውን በጽሑፍ ጥሩት፣ ከቀናት በፊት፣ ምን ይዞ እንደሚመጣ ነግራችሁ፦ ረቂቆች፣ መጠይቆች፣ ማስታወሻ ደብተር። ሁለት መምህራን ሁኑ፤ አንዱ ይጻፍ። ሴት ተማሪ ከሆነች በሩ ክፍት ይሁን፣ አብሯት ሰው ይቀመጥ። የሰማችሁትን ጻፉና ለኮሚቴው ስጡ። ፍርዱ የኮሚቴው ነው። «ይመስለኛል» ብላችሁ ግሬድ አትቁረጡ።

እርምጃ 7፦ ሻጩስ?

አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2020፣ እንግሊዝ በ2022 ሻጩን የሚቀጣ ሕግ አወጡ። የተማሪውን ጉዳይ ግን ለዩኒቨርሲቲው ትተውታል። እኛ በእጃችን ያለውን እንሥራ። በግድግዳና በመብራት ምሰሶ ላይ የሚለጠፈው «ሪሰርች እናማክራለን» የሚል ወረቀት በየሳምንቱ ይነሳ። በአካባቢው ያሉ የፎቶ ኮፒና ኮምፒውተር ቤት ባለቤቶችን ጠርታችሁ የድንበሩን ወረቀት ስጧቸው። ብዙዎቹ ክፋት የላቸውም፣ የነገራቸው የለም።

የሚከብደው ሌላ ነው። ከሚጽፉት ውስጥ መምህራን አሉ። ደመወዙ እንደማይበቃ አውቃለሁ፣ እኔም በእሱ ነው የምኖረው። ግን ጠዋት አማካሪ፣ ማታ ጸሐፊ የሆነ ሰው ካለ ከላይ ያለው ሁሉ ከንቱ ነው። ይህ በዲፓርትመንት ስብሰባ ላይ፣ ስም ሳይጠራ፣ በግልጽ ይነሳ። ሥራ አጥተው ለሌላ ሰው የሚጽፉ ጎበዝ ምሩቃን ደግሞ አሉ። ክሊኒኩ ላይ ተከፍሏቸው ቢያስተምሩ ያንኑ ችሎታቸውን በቀን ብርሃን ይሸጡታል።

ቀብዱ ከተከፈለስ?

ተማሪዎች የማያውቁት አንድ ነገር አለ። ሻጩ ስማቸውን፣ ርዕሳቸውን፣ በቴሌብር የላኩትን ደረሰኝ ይዟል። ከተመረቁ በኋላ «ጨምር፣ አለዚያ ለዲፓርትመንትህ እልካለሁ» የሚል መልእክት የደረሰው ሰው አለ። ይህን በግልጽ ንገሯቸው። አያይዛችሁም ቃል ግቡላቸው፦ ከማስረከቡ በፊት ራሱ መጥቶ የተናገረ ተማሪ ይታገዛል እንጂ አይቀጣም። ዲፓርትመንቱ ይህን በቃለ ጉባኤ ቢያጸድቀው ይሻላል፣ የአንድ መምህር ቸርነት እንዳይሆን።

አንዲት ተማሪዬ እንዲህ መጣች። ሕፃን ልጅ አላት፣ ቀን ባንክ ትሠራለች። የመረጠችው ወረዳ መንገዱ ተዘግቷል። ግማሹን ከፍላ ሁለት ምዕራፍ ተልኮላታል። በሬን አንኳኩታ ገባችና ቆማ ቀረች። «ቲቸር፣ አንብቤው አልገባኝም» አለች። «የራሴን ቴሲስ አንብቤ አልገባኝም።»

የመጣላትን ወደ ጎን አደረግነው። ርዕሷን ሳንነካ ቦታውን ወደ ባሕር ዳር አመጣነው፣ በባጃጅ የምትደርስበት። ናሙናው አነሰ፤ ዲፓርትመንቱም ተቀበለው። የከፈለችው ገንዘብ ቀረ። የሻጩን ቁጥር ዘጋች። አንድ ሴሚስተር ተጨመረላት። በየቅዳሜው ልጇን እናቷ ጋ ትታ ክሊኒኩ ላይ ትቀመጥ ነበር።

ዲፌንሷ ላይ አንዱ ፈታኝ «ስንት ሰው አልመልስም አለሽ?» ብሎ ጠየቃት። «አሥራ አንድ» አለች ወዲያው። «ሰባቱ ለምን እንደሆነ ነግረውኛል።» ደብተሯን ገለጠች፣ ማንበብም ጀመረች።